የሌላ ሰው ገበና፦ የማጋራት ኃላፊነት የማን ነው?

መርዶ ሥርዓት አለው። የሟች የቅርብ ቤተሰብ ሩቅ ሲኖር ወሬው እንዳያመልጥ ዘመድ ይማከራል፤ የሚያረዱት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም ገና ሳይነጋ፣ ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል። ይህ ልማድ ባሕር ተሻግሮም አልቀረም። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በስቶክሆልም፣ በዱባይም ሆነ በቶሮንቶ፣ ከአገር ቤት የተደወለለት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ሐዘንተኛው መደወል ሳይሆን ወዳጆችን ማሰባሰብ ነው። የሥራ ሰዓቱን ያጠያይቃል፤ መኪና እየነዳ እንዳይሰማ ይጠነቀቃል፤ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለበትም አብሮት የሚያድር ሰው ያዘጋጃል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውስጥ አንድ የቆየ ማስተዋል አለ፦ እውነት የሆነ ወሬ ሁሉ በማንም አፍ፣ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም።

ዛሬ ይህ ሥርዓት በአንድ የሻማ ምስል ይፈርሳል። የሩቅ ዘመድ ወይም የቀድሞ ጎረቤት ከልቡ አዝኖ የሟችን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ከሚል ቃል ጋር ይለጥፋል፤ የልጆቹንም ስም ታግ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ልጅ የእናቷን ሞት በሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓቷ፣ ከስልኳ ታነባለች። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ መርዶው ቀድሟቸዋል። የለጠፈው ሰው አልዋሸም፤ ክፉም አላሰበም፤ ምናልባትም አንድም ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን የእርሱ ያልሆነውን አሳልፎ ሰጥቷል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ግላዊነት ሲነሣ አብዛኛው ምክር ራስን ስለ መጠበቅ ነው፦ የይለፍ ቃልን ማጠንከር፣ ገጽን ለወዳጆች ብቻ ክፍት ማድረግ፣ ያሉበትን ቦታ አለመግለጽ። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ከባዱን ጥያቄ ያልፈዋል። በውጭ አገር ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዋናው የግላዊነት ጥያቄ «ስለ ራሴ ምን ያህል ልናገር?» የሚለው አይደለም፤ «ስለ ሌላው ሰው እንድናገር ማን ፈቀደልኝ?» የሚለው ነው። የሚያጋራው ሰው አድናቆቱን፣ ምስጋናውን ወይም የፖለቲካ እርካታውን ባለበት አገር ያገኛል፤ ዋጋውን ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ሕግ ሥር ሆኖ ነው። የግል ኃላፊነትም መመዘን ያለበት ጥቅሙና ዋጋው በተለያዩበት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ገበና የጋራ ነው

«ግላዊነት» የሚለው ቃል በአማርኛ የሕግና የቴክኖሎጂ ጽሑፍ ውስጥ የተለመደው በቅርቡ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረውና ዛሬም በየቤቱ የሚሠራበት ቃል ገበና ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግላዊነት ግለሰቡን ብቻውን ያቆማል፤ ባለመብቱም፣ ፈቃድ ሰጪውም፣ ጠባቂውም እርሱ ነው። ገበና ግን የቤት ነው። የአባት ዕዳ፣ የእህት የተፈታ ትዳር፣ የወንድም ሕመም የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለዚህም ይመስላል ቋንቋው ስለ ገበና ሲናገር «ሸፈነ» እና «ገለጠ» የሚለው፤ ሸፋኙም ሆነ ገላጩ በአብዛኛው ባለገበናው ራሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለ ሰው ነው።

ይህ አሮጌ ቃል የዲጂታሉን ዘመን ከአዲሱ ይልቅ በደንብ ይገልጸዋል። የመረጃ ሥነ ምግባር ምሁሯ ሔለን ኒሰንባውም እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ግላዊነት ማለት መረጃን መደበቅ እንዳልሆነ ተከራክረዋል፤ መረጃ ከተሰጠበት ሁኔታና ደንብ ጋር በሚስማማ መንገድ እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። ለሐኪም የተነገረ ሕመም በሐኪም ዘንድ፣ ለንስሐ አባት የተነገረ በደልም በንስሐ አባት ዘንድ ይቆያል። ያው ሕመም ለአሠሪ ሲደርስ የመረጃው ቃል ባይለወጥም መተማመኑ ይፈርሳል። የቤተሰብ የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ የተላከ የሆስፒታል ፎቶግራፍ ወደ ፌስቡክ ሲሻገር የሚሆነውም ይኸው ነው። ምስሉ አንድ ነው፤ የተሰጠበት እምነት ግን ሌላ ነበር።

የአንዱ ፈቃድ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በ2018 በካምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት ነው። የስብዕና መጠይቅ የያዘውን መተግበሪያ በገዛ ፈቃዳቸው የጫኑት ሰዎች ወደ 300,000 የሚጠጉ ነበሩ። መረጃቸው ተላልፎ ሊሆን እንደሚችል ፌስቡክ ያመነላቸው ሰዎች ግን እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳሉ። አብዛኞቹ ምንም አልጫኑም፣ ምንም አልፈቀዱም፤ የተወሰደባቸው የጫነ ሰው ጓደኛ ስለ ነበሩ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ክሊርቪው ኤአይ የተባለ ኩባንያ ከማኅበራዊ ሚዲያና ከድረ ገጾች ከ3 ቢሊዮን በላይ ምስሎችን ለቅሞ ፊትን የሚለይ መሣሪያ እንደሠራ ታወቀ። የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ፎቶግራፍ ለጣፊ ሰው የማንን ፊት ለማን እየሰጠ እንደሆነ ማወቅ አይችልም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ብሂል ለንግግር የተባለ ቢሆንም ለምስል ይበልጥ ይሠራል፤ ቃል ይረሳል፣ ምስል ግን ተቀድቶ ይቀመጣል።

ዋጋው የሚከፈለው ወዲያ ማዶ ነው

ርቀት ድፍረት ይሰጣል። በሜሪላንድ ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር ሰው የፈለገውን ቢጽፍ ባለበት አገር የሚደርስበት ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ሰዎች፣ በፎቶግራፉ ጀርባ የሚታየው ቤት፣ በአስተያየት መስጫው ሥር ስማቸው የሚነሣው ዘመዶች እርሱ ያለበት አገር ውስጥ አይደሉም።

ለዚህ እጅግ መራራው ማስረጃ ከሰሜኑ ጦርነት ዘመን የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ የትግራይ ተወላጅ በፌስቡክ ገጾች ላይ ፎቶግራፋቸው ወጣ፤ የሚኖሩበት አካባቢ ተጠቆመ፤ በልዩ ልዩ ወንጀልም ተወነጀሉ። በኅዳር ወር መጀመሪያ በቤታቸው አጠገብ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክሱ በኩባንያው ላይ መሆኑ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ልጥፉ የተንቀሳቀሰው በሰው ጣት ነው። ያን ምስል አይተው ያጋሩት፣ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብለው ከሥሩ የጻፉት ሰዎች በየትኛውም የክስ መዝገብ ላይ የሉም። በዚያ ጦርነት ወቅት ከየትኛውም ወገን የስም ዝርዝር፣ የመኪና ታርጋና የመኖሪያ ሰፈር ሲዘዋወር የነበረባቸው ገጾች በውጭ አገርም አንባቢና አጋሪ እንደ ነበራቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ዋጋው ሁልጊዜ ደም አይደለም፤ አንዳንዴ የታጠፈ መንገድ ነው። የአሜሪካ የቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2019 መጨረሻ ጀምሮ አመልካቾች ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀሙባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች እንዲዘረዝሩ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ የተማሪና የልውውጥ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ መመሪያ ወጣ። አሁን አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለች፣ የትምህርት ዕድል ያገኘች ወጣት በገጿ ላይ የሚታየው የራሷ ቃል ብቻ አይደለም። አጎቷ ከአትላንታ ታግ ያደረገባት የፖለቲካ ቀልድ፣ የአክስቷ ልጅ ስሟን ጠቅሶ የለጠፈው የሰልፍ ፎቶግራፍ አብሮ ይነበባል። አጎትየው ዜግነት አለው፤ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ግን እርሱ አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ዋጋው እስር ሊሆን ይችላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው የሳይበር ወንጀል ሕግ ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሣትንና ማሰራጨትን ከስድስት ወር በማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ ቅጣት ያስቀጣል። ሳዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ባላት ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። አንዲት የቤት ሠራተኛ የደረሰባትን በደል ለማሳየት በአሠሪዋ ሳሎን የቀረጸችውን ቪዲዮ ለምታምናት እህቷ ትልካለች፤ እህት ለጓደኛ፣ ጓደኛ ብዙ ተከታይ ላለው የቲክቶክ ገጽ ያደርሰዋል። ገጹ በአንድ ሌሊት ብዙ ተመልካች ያገኛል። ፊቷ፣ ድምፅዋና የአሠሪዋ ቤት የታየባት ሴት ግን አሁንም በዚያው ቤት ውስጥ ናት፤ ፓስፖርቷም በእጇ ላይሆን ይችላል። «ድምፅ ሆናችኋት» ተብለው የሚመሰገኑት ሰዎች፣ ድምፅዋ በዚያ ሰዓትና በዚያ መንገድ እንዲሰማ ትፈልግ እንደሆነ የጠየቋት ስንቶች ናቸው?

ሕግ የት ይደርሳል?

የፖሊሲ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ሕግ ይጠይቃል፤ ሕግም አለ። ከሁሉ አስተማሪው ምናልባት የስዊድኑ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንዲት የስዊድን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የምታገለግል ሴት ምእመናንን ለመርዳት ብላ ድረ ገጽ ሠራች፤ በዚያም ላይ የ18 ባልደረቦቿን ሁኔታ አሰፈረች፤ የአንዷን እግር መጎዳትና በዚህም ምክንያት በግማሽ ቀን መሥራቷን ጭምር። ጉዳዩ ወደ አውሮፓ ፍትሕ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 ሁለት ነገሮች ተወሰኑ፦ የእግር ጉዳቱ የጤና መረጃ ነው፤ ለማይታወቅ ቁጥር ላለው ሕዝብ በኢንተርኔት የተገለጠ ነገርም «የግል ወይም የቤት ውስጥ ጉዳይ» ተብሎ ከሕግ ሊያመልጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ደግሞ አንድ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት አንዲት አያት የልጅ ልጆቿን ፎቶግራፍ ከፌስቡክና ከፒንተረስት እንድታነሣ አዘዘ፤ ካላነሣች በቀን 50 ዩሮ፣ እስከ 1,000 ዩሮ ድረስ እንድትከፍል። ፎቶግራፉ እንዲነሣ የጠየቀችው የልጆቹ እናት ነበረች።

በኢትዮጵያም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ያረጋግጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የቁጥጥሩን ሥራ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አሜሪካ በበኩሏ ሁሉን አቀፍ የሆነ የፌዴራል የግላዊነት ሕግ የላትም።

ስለዚህ ያው አንድ ልጥፍ በማልሞ ሊያስጠይቅ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ላያስጠይቅ፣ በሪያድ ሊያሳስር ይችላል። የተለጠፈበት ሰው ደሴ፣ የለጠፈው ዳላስ፣ ኩባንያው ካሊፎርኒያ ሲሆን የየትኛው አገር ዳኛ ለተጎጂው ይደርስለታል? ቢደርስስ መቼ? የናይሮቢው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት እንደሚችል ብቻ ለመወሰን ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ሕግ አስፈላጊ ነው፤ ግን ከመርዶው በኋላ የሚደርስ ነው። ከልጥፉ በፊት ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ያለው ጠባቂ የአጋሪው ሕሊናና የማኅበረሰቡ ደንብ ብቻ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ስለ ግለሰብ ኃላፊነት ማውራት ኩባንያዎቹን ነጻ ያወጣል የሚል ነው። እውነት አለው። ቁጣንና እንባን የሚያራግበው ሥርዓት የተሠራው በተጠቃሚው አይደለም፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚከታተሉ ሰዎች ማነስም የተጠቃሚው ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ኃላፊነቶች አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ አይደሉም። የመንገዱ መበላሸት የሾፌሩን ጥንቃቄ አያስቀርም፤ እንዲያውም ይጨምርበታል። ኩባንያው በቋንቋው በቂ ጠባቂ እንዳላቆመ የሚያውቅ ሰው፣ የሚለቀውን ነገር ማንም እንደማያስቆምለት ያውቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ገበናን መሸፈን ስንት ግፍ ሸፍኗል? ሚስቱን የሚደበድብ ባል፣ ልጅ የሚደፍር ዘመድ፣ ሠራተኛዋን የምታስርብ እመቤት ሁሉ የኖሩት «የቤት ገበና አይወጣም» በሚለው ጥላ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንዲት የቤት ሠራተኛ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትከተት አንድ ሰው ባይቀርጽና ቴሌቪዥን ባያሳየው ኖሮ፣ ዓለም ስለ እርሷ አይሰማም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕይወቷ አለፈ፤ ያ ምስል ግን ስለ ከፋላ ሥርዓት በሚደረገው ክርክር ውስጥ እስከ ዛሬ ምስክር ነው።

መልሱ «ዝም በሉ» ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ያለው ምስሉ ማንን ያጋልጣል በሚለው ላይ ነው። ግፍን ማጋለጥ የግፈኛውን ሥራ ማሳየት ነው፤ የተገፋውን ሰው ፊት፣ ስምና አድራሻ ማሳየት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃዱ ከሆነም ሁለተኛ በደል ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በሊቢያ የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ምስል በተለቀቀ ጊዜ በአዲስ አበባ በቂርቆስ ሰፈር የልጆቻቸውን ሞት ከዚያው ምስል ያወቁ ቤተሰቦች ነበሩ። የገዳዮቹን ግፍ ለዓለም ለመናገር የሟቾቹን የመጨረሻ ደቂቃ ከእጅ ወደ እጅ ማዘዋወር አስፈላጊ አልነበረም፤ ገዳዮቹ ራሳቸው የፈለጉትም ያንኑ መዘዋወር ነበር።

ከምክር ወደ ደንብ

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለእያንዳንዱ ሰው «አስተውል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሐዘን፣ ቁጣና ርኅራኄ ሲያቻኩሉ ማስተዋል ይጠፋል። «ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም» ይባላል። የመርዶ ሥርዓት የሠራው ሰዎች ሁሉ አስተዋይ ስለ ነበሩ አይደለም፤ ማን፣ መቼና እንዴት እንደሚናገር አስቀድሞ የታወቀ ደንብ ስለ ነበረ ነው። ዳያስፖራው ይህን የሚያደርጉ ተቋማት አሉት። እድር አለው፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች አሉት፣ የሙያ ማኅበራትና የትውልድ አካባቢ የልማት ማኅበራት አሉት። ብዙዎቹ በጽሑፍ የሰፈረ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ አባል ሲሞት ስንት እንደሚከፈል፣ ለቅሶ ማን እንደሚደርስ የተወሰነ ነው። ስለ ወሬው ራሱ ግን የሚናገር አንቀጽ በደንባቸው ውስጥ ሊኖር ይገባል።

አንቀጹ ረጅም መሆን የለበትም። የሞት ወሬ በእድሩ የቴሌግራም ቡድንም ሆነ በአባላት ገጽ ላይ የሚወጣው ቤተሰቡ የወከለው ሰው መርዶው መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ ነው ቢል ይበቃል። ለሕክምና ገንዘብ ሲሰበሰብ የሐኪም ማስረጃውን ሁለት ወይም ሦስት ታማኝ ሰዎች አይተው ይፈርሙ፤ ለሕዝብ የሚቀርበው የሚያስፈልገው ገንዘብና የመረመሩት ሰዎች ስም ይሁን እንጂ የታማሚው ቁስል አይሁን። ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነው፤ አጭበርባሪ አለና። ነገር ግን ማስረጃ ለመርማሪ የሚቀርብ እንጂ ለአላፊ አግዳሚ የሚዘረጋ አይደለም። ታማሚው ፈቅዷል ከተባለም፣ ገንዘብ ካላገኘ የሚሞት ሰው «አይሆንም» ማለት ይችል እንደ ነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕክምናው ሲያበቃም ምስሉን ማውረድ የአስተባባሪው ግዴታ ይሁን፤ የዳነ ሰው ሥራ ሲፈልግ ወይም ሲያገባ የአልጋ ላይ ፎቶግራፉ ሊከተለው አይገባም።

የገጽና የቡድን አስተዳዳሪዎችም ድርሻ አላቸው። ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ በሥራው ጋዜጣ ነው፤ ባለቤቱ ጋዜጠኛ ነኝ ባይልም። የሰው አድራሻ፣ የስልክ ቁጥርና የቤተሰብ ስም የያዘ አስተያየት ሲመጣ ማጥፋት የማን ወገን ነው ተብሎ የሚጠየቅበት መሆን የለበትም። ተሳስቶ ያጋራ ሰውም ልጥፉን ዝም ብሎ ቢያጠፋ ግማሹን ብቻ ሠራ፤ ከእርሱ ወስደው ላጋሩት መናገርና የተጎዳውን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ቀሪው ግማሽ ነው። ለግለሰቡ ደግሞ ከመለጠፉ በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ ይህ ነገር ቢበላሽ የሚጎዳው ማን ነው? መልሱ «እኔ» ከሆነ ምርጫው የራሱ ነው። መልሱ ሌላ ሰው ከሆነ ግን፣ ያ ሰው በስልክ የሚገኝ እስከ ሆነ ድረስ፣ መጀመሪያ ሊደወልለት ይገባል።

ብዙዎቹ እድሮች በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራሉ፤ የሒሳብ ሪፖርት ይሰማል፣ መዋጮ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል፣ ኮሚቴ ይመረጣል። በሚቀጥለው ጉባኤ አንድ አባል እጁን አውጥቶ ስለ ሞት ወሬና ስለ ታማሚ ፎቶግራፍ አንድ አንቀጽ ይጨመር ቢል ውይይቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያ ግማሽ ሰዓት ግን አንዲት ልጅ የእናቷን ሞት ከስልኳ ሳይሆን ደግፎ ከሚይዛት ሰው አፍ እንድትሰማ ሊያደርግ ይችላል።